አባየ አይኑን መወጋት እምቢ ብሎኛል፤ በዚህ ያለፋችሁ ምከሩኝ

የመረብ ሠሪው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ እህት ወንድሞች። ከረዘመባችሁ ታገሱኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም።

አባየ 62 ዓመቱ ነው። እድሜውን ሁሉ ጣና ዳር የአሳ መረብ ሲሠራና ሲጠግን ኖሯል፤ ከባህር ዳር አሳ አስጋሪ እሱን የማያውቅ ጥቂት ነው። ስኳር ከያዘው 13 ዓመት ሆኖታል። የአይኑን ነገር ያወቅሁት በመረቡ ነው። ድሮ ቀና ብሎ ከሰው ጋር እየተጫወተ ነበር የሚቋጥረው። ዘንድሮ ክረምት ላይ ግን በረንዳ ተቀምጦ እያንዳንዷን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ሲዳብስ፣ ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በጎን ሲያይ አየሁት። «ምነው አባየ?» ብለው፣ «መሀል መሀሉን የበላው ነገር አለ፤ ዳር ዳሩ ደህና ነው» አለኝ። በማግስቱ እማየ ቡና ስትሰጠው ሲኒውን አልፎ አየር ጨበጠ።

መጀመሪያ አንድ መነጽር ቤት ወሰድነው። መነጽር ሸጡልን፤ ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ቀየሩልን። ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ውስጡን ያየለት ሰው አልነበረም። እነዚያ የባከኑ ወራት እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል። በኋላ አይን ሀኪም ስናገኝ በአንድ ቀን ነገሩ ታወቀ። ኦሲቲ የሚባለውን፣ የአይኑን ውስጥ በንብርብር የሚያሳየውን ፎቶ ተነሣ። ስኳሩ የሬቲናውን፣ ማለትም ከአይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ትናንሽ ደም ሥሮች ጎድቷቸዋል፣ ማኩላ የሚባለው የሬቲናው መሀል ውሃ ቋጥሯል አሉን። የግራው እይታ 6/60 (ጤነኛ አይን ከ60 ሜትር የሚያየውን እሱ ከ6 ሜትር ነው የሚያየው)፣ የቀኙ 6/18 ተብሎ ተጻፈ፤ የግራው ማኩላ ውፍረት ደግሞ 512 ማይክሮን ይላል ወረቀቱ፣ አብጧል ማለት ነው። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን፤ ቤቫሲዙማብ የሚባል መርፌ በወር አንድ ጊዜ ለሦስት ወር አይኑ ውስጥ ይወጋል፣ ከዚያ እንደገና ይታያል ተባልን። ካልበቃው እዚያው አይን ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት፣ ኢምፕላንት የሚሉት አለ አሉ ሀኪሙ።

ጉዱ የመጣው ቤት ከገባን በኋላ ነው። የጎረቤት ልጅ የመድኃኒቱን ስም በስልኩ ፈልጎ «ይሄ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው» አለ፣ አባየ ፊት። አባየ ዝም ብሎ ቆይቶ «ካንሰር ይዞኝ ነው እንዴ የደበቃችሁኝ?» አለ። እማየ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ የሚለው አንድ ነው፤ በቀረችኝ ብርሃን ልኑርባት፣ አይን ተወግቶ የዳነ ሰው አላየሁም። ዘጌ ሄጄ ሁለት ሱባዔ ጠበል ልጠመቅ፣ ከዚያ እናያለን ይላል። አንዱ ወዳጁ ደግሞ አይን ውስጥ የሚቀበር ቺፕ የዕውራንን አይን አበራ የሚል ቪዲዮ አሳይቶት፣ «እሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ማለት ጀምሯል።

መርፌውን የወሰዳችሁ ወይም ያስወሰዳችሁ፣ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ያማል ወይ? የካንሰሩ ነገር ምንድነው? ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ መመላለስ ለኛ ቀላል አይደለም፤ ሦስቱን ወስዶ ያበቃለታል? ጠበሉስ?

የፋሲካ እናት

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ግን ጎረቤቴ ተወግተው ዛሬ መዝሙረ ዳዊታቸውን ያነባሉ። አታስቀሪያቸው።

የአይን ነርስ

ሰላም እህት ዓለም። ይህ መርፌ ሲሰጥ ከሀኪሙ ጎን ቆሜ ዕቃ የማቀብል ነርስ ነኝ። የአባትሽን ካርድ ስላላየሁ የሳቸውን ጉዳይ የሚወስነው ሀኪማቸው ነው፤ የጠየቅሽውን ግን ሥራዬ ስለሆነ በደንብ ልመልስልሽ።

ከካንሰሩ ልጀምር፤ ሰው የሚያስቀረው እሱ ነውና። ቤቫሲዙማብ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነው፤ የጎረቤታችሁ ልጅ አልዋሸም። ካንሰር ለማደግ አዲስ ደም ሥር ይፈልጋል፤ ያንን ደም ሥር የሚጠራው ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ይህን ፕሮቲን ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። በስኳር የተጎዳ ሬቲናም ኦክስጅን ሲያጥረው ያንኑ ፕሮቲን ያበዛል፤ ደም ሥሮቹ ማፍሰስ ይጀምራሉ፣ የፈሰሰው ማኩላ ላይ ይጠራቀማል። ፊት ለፊት የምናይበት፣ ፊደልና ፊት የምንለይበት ቦታ ማኩላ ስለሆነ አባትሽ «መሀል መሀሉን በላው» ያሉት ልክ ናቸው። መነጽር ይህን ውሃ ሊያደርቅ አይችልም። ለካንሰር በሽተኛ በደም ሥር የሚሰጠው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ነው፤ አይን ውስጥ የሚገባው 1.25 ሚሊ ግራም ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ለአይን ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ይህን ለአባትሽ ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው። መድኃኒቱ የታዘዘው ካንሰር ስላለባቸው አይደለም።

አወጋጉ እንዲህ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ደጋግመን እናደርጋለን። ሽፋሽፍቱንና አይኑን በአዮዲን እናጥባለን፤ ብዙ ሰው ማታ ላይ የሚያማርረው መርፌውን ሳይሆን ይሄን አዮዲን ነው፣ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል። ቆቡ እንዳይከደን በትንሽ ሽቦ ይያዛል። መርፌው በጥቁሩ በኩል አይገባም፤ ከጥቁሩ ጠርዝ 3.5 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ርቆ በነጩ በኩል ነው የሚገባው። የሚገባው መድኃኒት 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከጠብታ ጠርሙስ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ያህል። መወጋቱ ራሱ ሰከንዶች ነው፤ የሚበዛው ዝግጅቱ ነው። በዚያ ቀን ጥቁር ኳስ የሚመስሉ ነገሮች ሲንሳፈፉ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ነጩ ላይ ደም ቢቋጥርም በሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠፋል።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፣ ይሄን ደግሞ በወረቀት ጻፊው። ከተወጉ በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከጨመረ፣ አይኑ ብርሃን ከጠላ፣ እይታው ከደበዘዘ፣ መግል ከመጣ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አይን ሀኪም ያለበት ሆስፒታል። አይን ውስጥ ጀርም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከብዙ ሺህ መርፌ አንድ ሁለት ቢያጋጥም ነው፣ ግን ሲያጋጥም በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ አይን ያጠፋል።

ለዚህ ነው የጠበሉን ጥያቄ በጥሞና የምመልሰው። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጠበልን ማንም ይንካብኝ አልልም። አባትሽ ዘጌ ይሂዱ፣ ይጠጡ። ግን ከተወጉ በኋላ ጠበልም ሆነ የጣና ውሃ፣ የቧንቧም ቢሆን፣ ሀኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይን ውስጥ እንዳይገባ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ነው። ለአባ ቢነግሯቸው ከአንገት በታች ያጠምቋቸዋል፤ እንዲህ ያደረጉ ታካሚዎች አሉን። ደግሞ መረብ የነካ እጅ በጣም ቆሻሻ ነው፤ በዚያ ሳምንት መረቡንም ቢያሳርፉት ይሻላል።

ለሀኪሙ ሳትነግሩ እንዳትቀሩ የምላችሁ አንድ ነገር፤ በቅርብ ወራት ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ከነበረ ከመርፌው በፊት ተናገሩ። ጾመው ወይም ኢንሱሊናቸውን ትተው እንዳይመጡ፤ ማደንዘዣው ጠብታ ስለሆነ በልተው ነው የሚመጡት።

አንድ ሌላ ነገር ሰዎች ሲያምታቱ ስለምሰማ ልጨምር። ከመርፌ በኋላ በመኪናም በአውሮፕላንም መመለስ ይቻላል። የማይቻለው ሬቲናው ተልጦ ቀዶ ጥገና ተደርጎ አይን ውስጥ ጋዝ የተሞላለት ሰው ነው። ጋዝ ከፍታ ላይ ሲወጣ ይለጠጣል፣ የአይኑን ግፊት ሰቅሎ አይን ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በአውሮፕላን መሳፈር ቀርቶ በመኪናም ከአዲስ አበባ እንጦጦን ወጥቶ ወደ ሱሉልታ መሄድ፣ ከአባይ በረሃ ደጀንን መውጣት ያለ ሀኪሙ ፈቃድ አይገባውም። አባትሽ ግን ይሄ አይመለከታቸውም።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ልጄ አነበበልኝና ራሴ ልጻፍልሽ አልኩ። ፊደሉን በስልኩ ላይ አግዝፎልኛል። 66 ዓመቴ ነው፣ ባህር ዳር ውስጥ 31 ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። በቀኝ አይኔ 14 መርፌ ወስጃለሁ። የአባትሽን ፍርሃት ማንም ከኔ በላይ አያውቀውም፤ የመጀመሪያው ቀን ከአልጋው ላይ ተነሥቼ ልወጣ ነበር፣ አንዲት ነርስ እጄን ያዘችኝ።

ለአባትሽ እንዲህ በይልኝ። መርፌው ወደ አይንህ ሲመጣ አታየውም። ሀኪሙ «ወደ አፍንጫህ እይ» ይልሃል፣ በሌላው ጎን ይወጋል። ጫን የሚል ነገር ይሰማሃል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ማር ጠብ ሲል እንደሚጥመዘመዘው ዓይነት ጭስ መሳይ ነገር በአይንህ ውስጥ ይሽከረከራል፤ መድኃኒቱ ነው። ይኸው ነው። ጥርስ መነቀል ከዚህ አሥር እጥፍ ያማል።

አሁን ዋናውን። «ሦስቱን ወስዶ ያበቃለታል ወይ?» ብለሻል። አያበቃለትም። ይህን አስቀድሞ ማንም ቁልጭ አድርጎ አልነገረኝም፣ ወይም ተነግሮኝ በጆሮዬ አልገባም፤ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ። ከሦስተኛው መርፌ በኋላ የጊዮርጊስን ጉልላት መስቀል ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ለየሁት። ጋዜጣ አነበብኩ። ዳንኩ አልኩ። አራተኛው ቀጠሮ ጥምቀት ሰሞን ነበር፤ በዓሉ ይለፍ አልኩ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ከተከፈተም በኋላ፣ ደህና ነኝ፣ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ እያልኩ ሰባት ወር ቆየሁ። አንድ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ያህል የማውቀው የቤቴ በር ክፈፍ መሀሉ ላይ ጎብጦ አየሁት። ስመለስ ውሃው ከመጀመሪያው ብሶ ነበር። እንደገና ስድስት መርፌ ተወጋሁ፤ ፎቶው ላይ ማኩላው ደረቀ፣ ሀኪሙም ደስ አለው። እይታው ግን አልተመለሰም። ውሃ ውስጥ ሲዋኙ የከረሙት ሕዋሳት ሞተዋል። እስከ ዛሬ የሰው ፊት ሳይ አፍንጫውና አፉ ያለበት ቦታ ጠቆር ያለ ነው፤ የልጅ ልጄን ፈገግታ የማየው በግራ አይኔ ነው።

መድኃኒቱ በሽታውን አይነቅለውም። ያ ደም ሥሩን የሚያስፈስሰው ፕሮቲን በየቀኑ ይመረታል፤ አይን ውስጥ የገባችው ጠብታ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ታልቃለች። ደጋግሞ መጨመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ግን ዕድሜ ልክ በየወሩ አይደለም። እኔ ቁጥር ስለምወድ ሀኪሜን ስነዘንዘው የነገረኝ የአሜሪካኖች ጥናት አለ፤ በስኳር ምክንያት ማኩላቸው ያበጠባቸው ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት 8 ወይም 9 መርፌ ይወስዳሉ፣ በሁለተኛው 2 ወይም 3፣ በሦስተኛው 1 ወይም 2። የሚከብደው የመጀመሪያው ዓመት ነው። ገንዘባችሁን፣ ዘመድ ቤት ማደሪያውን፣ የትራንስፖርቱን ነገር ለሦስት ጉዞ አታስቡት፤ ለዘጠኝ አስቡት። ሦስቱን ወስዶ ከሚቆም ሰው ይልቅ ዘጠኙን አስቦ የሚጀምር ይሻላል።

ሌሎች ውድ መድኃኒቶች አሉ፣ አፍሊበርሴፕት፣ ራኒቢዙማብ የሚባሉ። ለአባየ ርካሹን ሰጡት ብለሽ እንዳትቆጪ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እይታቸው በጣም በቀነሰ ሰዎች ላይ አፍሊበርሴፕት በመጀመሪያው ዓመት እንደሚበልጥ አሳይቶ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሌላ ጥናት ወጣ፤ በቤቫሲዙማብ ጀምሮ ካልበቃ ወደ አፍሊበርሴፕት መቀየር፣ ከመጀመሪያው በአፍሊበርሴፕት ከመጀመር ጋር በሁለት ዓመት ውስጥ እኩል ውጤት ሰጠ። በርግጥ ከአይኖቹ 70 በመቶው መቀየር አስፈልጓቸዋል። ስለዚህ የምትጠይቂው ጥያቄ «ለምን ርካሹ?» ሳይሆን «ካልሠራ መቼ እንቀይራለን?» ይሁን።

ጉዞውን በተመለከተ፤ እኛ ከባህር ዳር አራት ሆነን ነበር የምንሄደው። የቤቫሲዙማብ ጠርሙስ ትልቅ ነው፣ ከአንዱ ጠርሙስ ለብዙ ሰው ይቀዳል፤ ስለዚህ ታካሚዎችን በአንድ ቀን ሰብስበው ይቀጥሩ ነበር። ይህ ወጪውን ይቀንሳል፣ ግን የሚቀዳበት ቦታ ንጽሕና ወሳኝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ በተበከለ የተቀዳ መድኃኒት ብዙ ሰው አይኑን አጥቷል። መድኃኒቱ ከየት እንደመጣና የት እንደተቀዳ መጠየቅ አያሳፍርም፤ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ያለ የሬቲና ክፍል ባለው ሆስፒታል መሄዱ ከደላላ ጋር ከመሄድ ይበልጣል። የሚቀጥለውን ቀጠሮ በእጅሽ ሳትይዢ ከግቢው እንዳትወጪ።

አባትሽ መረብ ሠሪ መሆናቸው ደግሞ ጸጋ ነው። ሀኪሞች መሀሉ ላይ ነጥብ ያለበት በካሬ የተሰመረ ወረቀት ይሰጣሉ፣ በየሳምንቱ አንዱን አይን ሸፍነህ እይ፣ መስመሩ ከጎበጠ ና ይላሉ። አባትሽ ወረቀት አያሻቸውም። አዲስ መረብ ግድግዳ ላይ ወጥረሽ መሀሉ ላይ ቀይ ክር እሰሪበት። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱን አይን በመዳፋቸው ሸፍነው ቀዩን ክር ይዩ። ቀዳዳዎቹ ቢጣመሙ ወይም ቢጠፉ ከማንም በፊት ያውቁታል።

የሽምብጥ ልጅ፣ ከቨርጂኒያ

እህቴ፣ ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ነው ያደግሁት፣ አባትሽን ባላውቃቸውም መረብ የሚጠግኑትን ሰዎች ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሜ ሳያቸው ነበር። ስለ ኢምፕላንቱ እናቴ ስለተደረገላት ልንገርሽ።

እናቴ እዚህ አሜሪካ 11 መርፌ ወስዳ ማኩላዋ አልደርቅ ብሎ ነው ወደ ኢምፕላንቱ የሄደችው። ኦዙርዴክስ ይባላል፤ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ 0.7 ሚሊ ግራም የያዘ ቀጭን ዘንግ ነው። ሀኪሙ ሞዴሉን አሳየኝ። በትምህርት ቤት እየተጫንን የምናወጣው የ0.5 እርሳስ ሊድ አለ አይደል? እሱን 6 ሚሊ ሜትር ላይ ብትሰብሪው ይሄን ያህላል። ወፈር ባለ መርፌ ነው የሚገባው፣ ቀዶ ጥገና አይደለም፣ በዚያው ቀን ቤቷ ገባች። ቀስ እያለ እየሟሟ መድኃኒቱን ይለቃል፣ መውጣት አያስፈልገውም። እናቴ ለሳምንታት «ገለባ አይኔ ውስጥ ይዋኛል» ትል ነበር። ለአራት ወር ያህል ደረቀላት፣ ከዚያ ተደገመ። ሦስት ዓመት ድረስ የሚቆይ ሌላ ዓይነትም አለ፣ ፍሉኦሲኖሎን የያዘ።

ግን መርፌ ቀርቶ በአንዴ ይገላግለኛል ብለው እንዳይቸኩሉ። ስቴሮይድ ሞራ ያመጣል፤ ሀኪሙ ለእናቴ የደፈረው ሞራዋ ቀደም ብሎ ተነሥቶ ሌንስ ስለተተካላት ነው። የአይን ግፊትም ይሰቅላል። የእናቴ በሰባተኛው ሳምንት ከ15 ወደ 31 ወጣ፣ እሷ ምንም አልተሰማትም፣ ቀጠሮዋን ባትሄድ የአይኗን ነርቭ በዝምታ ይጎዳው ነበር። በጠብታ ወረደ። ስለዚህ ኢምፕላንት የተደረገለት ሰው ግፊቱን የሚለካለት ሀኪም ቅርቡ መኖር አለበት። ግላኮማ (ነርቩን የሚጎዳ የአይን ግፊት በሽታ) ያለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ይናገር።

ቪዲዮው ላይ ስላዩት ቺፕ። እውነት አለው፣ ግን የሳቸው በሽታ አይደለም። አርገስ 2 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2013 እዚህ ሲፈቀድ በዘር ለሚመጣ፣ ሬቲናው ቀስ በቀስ ለሚሞት ሰው ነበር፤ 60 ኤሌክትሮድ ነው ያለው፣ የሚያሳየው ብርሃንና ጥላ እንጂ ፊት አይደለም፣ ዛሬ ግን ማምረቱ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱ የወጣው ፕሪማ የተባለው 2 በ2 ሚሊ ሜትር ቺፕ ደግሞ በእርጅና የማኩላቸው ሕዋሳት ለሞቱባቸው ሰዎች ነው፣ ካሜራ ካለው መነጽር ጋር። አባትሽ ያላቸው ሬቲና ገና በሕይወት ያለ፣ ውሃ ያጥለቀለቀው ሬቲና ነው። ቺፕ ሲጠብቁ ያ ሬቲና እንዳይሞትባቸው እለምንሻለሁ።

የመረብ ሠሪው ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከጻፍኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

የጋሼን ጽሑፍ ለአባየ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ስለ ካንሰሩ ስነግረው ብዙም አልተናገረም። «የልጅ ልጄን ፈገግታ የማየው በግራ አይኔ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ግን «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ማታ ሲመለስ «ዘጌ አንድ ሱባዔ ይበቃኛል፣ ከዚያ እንሂድ» አለ። ሲስተር፣ ያልሽኝን ለአባ ነገርናቸው፤ ከመርፌው በፊት ስለነበር አጠመቁት፣ ሲመለስ የሚጠጣው ጠበል በጀሪካን ሰጡት።

የመጀመሪያውን ወስዷል። ከክፍሉ ሲወጣ ግንባሩ ላይ አዮዲኑ ቢጫ ሆኖ ነበር፣ እኔ እያለቀስኩ እሱ «ይኸው ነው?» አለኝ። ማታውን ግን በጣም ቆረቆረው፣ ያላችሁት አዮዲን መሰለኝ፣ ጠዋት ለቀቀው። ሀኪሟን «ካልሠራ መቼ እንቀይራለን?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ኦሲቲውን አይታ እንደምትወስን ነገረችኝ። ቀኙም ትንሽ ውሃ አለው፣ እሱንም እየተከታተልን ነው።

መረቡን ወጥሬዋለሁ፤ እማየ የነጠላዋን ጥበብ ቀይ ክር መዛ ሰጠችኝ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በሩ ደፍ ላይ ቆሞ ቀኙን በመዳፉ ሸፍኖ ያያል። መጀመሪያ ቀን ቀዩን ክር ጭራሽ አላየውም ነበር። ያለፈው እሑድ «ክሩ አለ፣ ዙሪያው ግን እንደ ተቀደደ መረብ ተጨማድዷል» አለኝ። ደብተር ላይ ጻፍኩት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እዚያው አሳ ከሚወርድበት አንድ አስጋሪ፣ ስኳር ያለበት፣ የአባየን መረብ ሲያይ እሱም አንዱን አይኑን ሸፍኖ ቢሞክር ቀዳዳዎቹ ጎበጡበት። በአይኑ ታይቶ አያውቅም። ሁለተኛው መርፌያችን ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው፤ አብሮን ቢሄድ ያለ ሪፈር ይቀበሉታል፣ ወይስ መጀመሪያ እዚሁ ባህር ዳር ብሌኑ ተስፍቶ ይታይ?

የአይን ነርስ

እዚሁ መጀመሪያ ይታይ እህት ዓለም፣ ነገ ዛሬ ሳይል በዚህ ሳምንት። በጠብታ ስለሚያሰፉት ለሰዓታት ብርሃን ያስቸግረዋል፣ ብቻውን አይምጣ፣ በዚያ ቀን ታንኳ አይቅዘፍ። የስኳሩንና የደም ግፊቱን ውጤት ይዞ ይሂድ። መርፌ ካስፈለገው ሪፈሩን ይጽፉለታል፤ ያኔ ከአባትሽ ጋር በአንድ ቀን እንዲቀጥሩት ጠይቁ።